ከስታድዮን እስከ አስትሮኖሚካል ዩኒት፦ የፀሐይ ርቀት የተለካበት ታሪክ

ኪሎ ሜትርን ወደ አስትሮኖሚካል ዩኒት መለወጥ ዛሬ ለማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚያስቸግር ስሌት አይደለም። የተሰጠው ርቀት ለ149,597,870.7 ይካፈላል፤ የሚገኘው ውጤት ያ ርቀት በምድርና በፀሐይ መካከል ካለው አማካይ ርቀት ጋር ሲመዛዘን ምን ያህል እንደሚሆን ያሳያል። ጨረቃ ከእኛ በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ ይህም 0.00257 አስትሮኖሚካል ዩኒት ነው። ስሌቱ በአንድ መስመር ቢያልቅም፣ አካፋዩን ቁጥር ለማግኘት ግን ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ፈጅቷል። በዚህ ጽሑፍ ያ ቁጥር እንዴት እንደተገኘ፣ በየዘመኑ የነበሩ ምስክሮች የት እንደተስማሙና የት እንደተጣረሱ መዝገቡን ተከትለን እንመረምራለን። ዓመታቱ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ምርመራው ሥርዓት እንዲኖረው ሦስት ነገሮችን ለይተን መያዝ ይገባናል። የመጀመሪያው በምድር ላይ የተለካ ርዝመት ነው፤ ስታድዮን ይሁን ቷዝ፣ ማይል ይሁን ሜትር። ሁለተኛው የሰማይ አካላት ርቀቶች እርስ በርሳቸው ያላቸው ምጥጥን ነው። ሦስተኛው እነዚህን ሁለቱን የሚያገናኘው ማዕዘን ነው፤ ይኸውም በፀሐይ ላይ ቆሞ የሚያይ ቢኖር የምድር ራዲየስ የሚታይበት እጅግ ጠባብ ማዕዘን ሲሆን፣ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት የፀሐይ ፓራላክስ ይሉታል። አንድ ዲግሪ በ60 ደቂቃ፣ አንድ ደቂቃም በ60 ሰከንድ ይከፈላል፤ ዛሬ የሚታወቀው የፀሐይ ፓራላክስ 8.794 ሰከንድ ብቻ ነው። ማዕዘኑ ባነሰ መጠን ፀሐይ ትርቃለች። በየዘመኑ ከሦስቱ ደካማው የቱ እንደነበረ ሳንጠይቅ የተነገሩንን ቁጥሮች ልንመዝን እንደማንችል፣ የለኪዎች መስማማትም ብቻውን የእውነት ማረጋገጫ ሊሆን እንደማይችል ከዚህ በታች የሚቀርበው ታሪክ ያሳያል ብለን እናምናለን።

በጽሑፍ የደረሰን የመጀመሪያው ሙከራ የሳሞሱ አርስጥሮኮስ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዘመን የኖረው ይህ ሊቅ ጨረቃ ልክ እኩሌታዋ በሚበራበት ሰዓት በጨረቃና በፀሐይ መካከል ያለው ማዕዘን 87 ዲግሪ ነው ብሎ ተነሣ፤ ከዚያም ፀሐይ ከጨረቃ ይልቅ ከ18 እጥፍ በላይ፣ ከ20 እጥፍ በታች እንደምትርቅ በጂኦሜትሪ አረጋገጠ። ማረጋገጫው እንከን የለውም፤ መነሻው ግን ልክ አልነበረም። እውነተኛው ማዕዘን ከ90 ዲግሪ የሚጎድለው በ9 ደቂቃ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ምጥጥኑ ወደ 390 እጥፍ ይደርሳል። ጥቂት ቆይቶ በእስክንድርያ ኤራቶስቴንስ የምድርን ዙሪያ ለካ። በዚህ ላይ ምንጮቹ ይለያያሉ፤ ክሌኦሜዴስ 250,000 ስታድዮን ሲል፣ ስትራቦንና ፕሊኒዮስ 252,000 ይላሉ። ከዚህ የሚከብደው ግን የስታድዮኑ ርዝመት ራሱ ነው። የዘመናችን ተመራማሪዎች ከ157 ሜትር ገደማ እስከ 185 ሜትር ገደማ ስለሚገምቱት፣ ያው 252,000 ስታድዮን በአንደኛው ግምት ከ40,000 ኪሎ ሜትር ጥቂት ሲያንስ በሌላው ከ46,000 ይበልጣል። ስለዚህ ኤራቶስቴንስ የምድርን ዙሪያ በሚያስደንቅ ትክክለኛነት ለካ የሚለው የተለመደ አነጋገር አጭሩን ስታድዮን አስቀድሞ በመምረጥ ላይ የቆመ መሆኑን ማስታወስ ይኖርብናል።

በሁለተኛው መቶ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በኋላ ቶለሚ የፀሐይን አማካይ ርቀት 1,210 የምድር ራዲየስ አደረገው። በዛሬው መለኪያ ይህ ከ8 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያነሰ፣ ከእውነተኛው ርቀትም አንድ አሥራ ዘጠነኛ ያህል ነው። ይህ ቁጥር፣ መጠነኛ ማሻሻያ ብቻ እየተደረገበት፣ በዐረብኛም በላቲንም መጻሕፍት ከሺህ ዓመት በላይ ኖረ። የዕድሜው ርዝመት ከማስረጃው ጥንካሬ የመጣ አልነበረም። በዐይን ብቻ የሚያይ ተመልካች ሊለየው ከሚችለው ማዕዘን የፀሐይ ፓራላክስ እጅግ ስለሚያንስ፣ ቁጥሩን ሊያፈርስ የሚችል ልኬት ማንም አልነበረውም።

ነገሩ መልክ የለወጠው በአሥራ ስድስተኛውና በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን ነው። ኮፐርኒከስ በ1543 ፀሐይን በመካከል ሲያኖር የፕላኔቶች ርቀት ሁሉ በምድርና በፀሐይ ርቀት ሊመዘን ቻለ፤ ኬፕለርም በ1619 ያሳተመው ሦስተኛ ሕግ የእያንዳንዱን ፕላኔት ርቀት ከዙረቱ ዘመን ጋር አያያዘው። ከዚህ በኋላ ምጥጥኑ ደካማው ወገን መሆኑ ቀረ። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ስሙ ገና ያልወጣለትን አስትሮኖሚካል ዩኒት በተግባር ይዘው ነበር፤ ማርስ ከፀሐይ ከአንድ ተኩል አሃድ ጥቂት በሚበልጥ ርቀት እንደምትዞር ያውቁ ነበር፤ አንዱ አሃድ ስንት ማይል እንደሆነ ግን አያውቁም ነበር። ሙሉ ካርታ በእጃቸው ገብቶ ሚዛነ ርቀቱ ብቻ ተቀድዶ የወጣ ያህል ነበር። በሰማይ ካሉት ርቀቶች አንዱን እንኳ በምድር ርዝመት መለካት የቀሩትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይፈታቸው ነበር።

በእንግሊዝ ሰሜናዊ ክፍል ጀርማያ ሆሮክስ የተባለ ወጣት በ1639 ቬነስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ከወዳጁ ከዊልያም ክራብትሪ ጋር፣ ሁለቱም በየቤታቸው ሆነው፣ ተመለከቱ። ሆሮክስ የፀሐይን ፓራላክስ 14 ሰከንድ አደረገው፤ ይህም 95 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን ቁጥር ከቬነስ ማለፍ በቀጥታ የተለካ አድርገው ያቀርቡታል። መዝገቡ ግን እንዲህ አይልም። ሆሮክስ ምድርን ጨምሮ ፕላኔቶች ከፀሐይ ላይ ሲታዩ ሁሉም እኩል ስፋት፣ ማለትም 28 ሰከንድ፣ ይኖራቸዋል የሚል ግምት ነበረው፤ 14ቱ ሰከንድ የዚያ እኩሌታ ነው። ዘመኑ ካመነበት ርቀት በብዙ እጥፍ ወደ እውነት ቢቀርብም፣ የቀረበበት መንገድ ዛሬ የምንቀበለው አይደለም። እርሱም በ1641 ገና በ22 ዓመቱ አረፈ፤ ድርሳኑ ለኅትመት የበቃው በ1662 ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የ1672 ጉዳይ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በዚያ ዓመት ማርስ ወደ ምድር በቀረበችበት ወቅት ካሲኒ በፓሪስ፣ ዣን ሪሼ በደቡብ አሜሪካ ካየን ሆነው ተመለከቷት፤ ከምልከታቸውም ካሲኒ 9.5 ሰከንድ ፓራላክስ፣ ማለትም ወደ 140 ሚሊዮን የሚጠጋ ኪሎ ሜትር አወጣ። የመማሪያ መጻሕፍት ይህን የመጀመሪያው እውነተኛ የፀሐይ ርቀት ልኬት ይሉታል። በእንግሊዝ ፍላምስቲድ በዚያው ወቅት ለብቻው አስልቶ ወደ 10 ሰከንድ የሚጠጋ ውጤት ማግኘቱም ማረጋገጫ መስሎ ታይቷል። ይሁን እንጂ የታሪክ ተመራማሪው አልበርት ቫን ሄልደን በ1985 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ የተፈለገው ማዕዘን ከመሣሪያዎቹ ስህተት እምብዛም አይበልጥም ነበር። ካሲኒ ከተለያዩ ምልከታዎች መካከል ለመምረጥ ተገድዶ ነበር፤ ምርጫውንም ፀሐይ እጅግ ሩቅ ናት የሚለው ቀድሞ የያዘው እምነት መርቶታል። እኛም ወደዚህ ፍርድ እናዘነብላለን፤ 1672 ፓራላክሱ ከዚህ አይበልጥም የሚል ጽኑ ድንበር ሰጠ እንጂ ጽኑ ልኬት አልሰጠም። በአንጻሩ ምድራዊው ወገን በዚያን ጊዜ ጠንክሮ ነበር። ዣን ፒካር ከፓሪስ ወደ አሚያን በዘረጋው ተከታታይ ሦስት ማዕዘን የአንድን ዲግሪ ርዝመት 57,060 ቷዝ አድርጎ በ1671 አሳትሟል፤ ይህ ከ111 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ስለሆነ ከዛሬው ልኬት ጋር በእጅጉ ይቀራረባል። ስለዚህ የምድር ራዲየስ በቷዝ ታውቆ፣ ፕላኔቶችም በምጥጥን ተደርድረው፣ የቀረው ያ ጠባብ ማዕዘን ብቻ ነበር።

ኤድመንድ ሃሌይ በ1716 ለዚህ ማዕዘን መፍትሔ አቀረበ። ቬነስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ከሩቅ የምድር ዳርቻዎች የሚያዩ ሰዎች የማለፊያውን ጊዜ በሰዓት ቢለኩ፣ የጊዜው ልዩነት ወደ ማዕዘን ይለወጣል፤ ውጤቱም ከአምስት መቶ አንድ እጅ ብቻ የሚሳሳት ይሆናል ሲል ተስፋ ሰጠ። ቬነስ እንዲህ የምታልፈው በስምንት ዓመት ልዩነት ሁለት ጊዜ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ትቆያለች። ሃሌይ በ1742 ሲሞት ቀጣዩ ማለፍ ገና 19 ዓመት ይቀረው ነበር። በ1761 እና በ1769 የአውሮፓ መንግሥታትና አካዳሚዎች፣ በሰባቱ ዓመት ጦርነት መካከል ሳይቀር፣ ታዛቢዎችን ከሳይቤሪያ እስከ ደቡብ አፍሪካ፣ ከታሂቲ እስከ ኖርዌይ ሰሜናዊ ጫፍ ላኩ።

ውጤቱ ግን ሃሌይ ከሰጠው ተስፋ እጅግ አነሰ። የ1761ዱ ምልከታዎች ከ8.28 እስከ 10.60 ሰከንድ ድረስ የተራራቁ ውጤቶች ሰጡ፤ በርቀት ሲተረጎም ከ159 እስከ 124 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። አንዱ ምክንያት በኋላ ጥቁር ጠብታ የተባለው ክስተት ነው። ቬነስ ከፀሐይ ጠርዝ ስትላቀቅ ጥቁር ክር መሰል ነገር ከጠርዙ ጋር ስለሚያያይዛት፣ የመላቀቂያዋን ቅጽበት በትክክል መወሰን አይቻልም። ሰኔ 3 ቀን 1769 በታሂቲ ጎን ለጎን የቆሙት ጀምስ ኩክና ቻርልስ ግሪን እንኳ አንድ ሰዓት ሊመዘግቡ አልቻሉም፤ ልዩነታቸውንም ኩክ ራሱ በማስታወሻው አስፍሮታል። ሌላው ምክንያት የታዛቢዎቹ የቦታ ኬንትሮስ በትክክል አለመታወቁ ነበር። የ1769ኙ ውጤቶች ከ8.43 እስከ 8.80 ባለው ውስጥ መሰብሰባቸው መሻሻል ቢሆንም፣ ሚሊዮኖች ኪሎ ሜትር አሁንም በጥርጣሬ ውስጥ ነበሩ።

ከዚህ ዘመን ምንጮች ሁሉ የማክሲሚልያን ሄልን ያህል የተፈተነ የለም። የቪየናው ኢየሱሳዊ ካህን በዴንማርክና ኖርዌይ ንጉሥ ግብዣ በቫርዶ ደሴት ሆኖ 1769ኙን ማለፍ ተመለከተ፤ ውጤቱን ያሳተመው ግን ዘግይቶ በ1770 ስለሆነ፣ ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ላላንድ ቁጥሮቹን ከሌሎች ጋር አስማምቷቸው ይሆናል ብሎ ጠረጠረ። በ1835 ካርል ሊትሮ የተባለ የቪየና ሊቅ የሄልን የእጅ ጽሑፍ መርምሮ ፍቀቶችና የተለያዩ ቀለሞች እንዳገኘበት፣ ቁጥሮቹም የተጭበረበሩ መሆናቸውን አስታወቀ። ፍርዱ ወደ ግማሽ መቶ ዓመት ገደማ ጸንቶ ኖረ። በ1883 አሜሪካዊው ሳይመን ኒውኮም ያንኑ የእጅ ጽሑፍ በቪየና አይቶ እርማቶቹ በምልከታው ስፍራ የተደረጉ መሆናቸውን ደመደመ፤ ሊትሮም ቀለም በትክክል መለየት የማይችል ሰው እንደነበረ ተረዳ። ሄል ነጻ ወጣ። ከዚህ ክርክር የምንወስደው ቁም ነገር አለ፦ ምስክርን የሚመረምር ሰው ራሱም ምስክር ስለሆነ፣ የእርሱም ዐይን መመርመር አለበት።

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የጀርመኑ ኤንከ የሁለቱን ማለፎች መዛግብት በአዲሱ የስታቲስቲክስ ዘዴ አቀናብሮ ወደ 8.57 ሰከንድ ደረሰ፤ 153 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ። ዘዴው ጥብቅ ስለነበር ቁጥሩ ለሠላሳ ዓመት ያህል ያለ ክርክር ተጠቀሰ። ከዚያ ግን ሌሎች መንገዶች ተቃውሞ አስነሡበት። ሃንሰን በ1854 ከጨረቃ እንቅስቃሴ ተነሥቶ ፓራላክሱ መብለጥ እንዳለበት አስታወቀ፤ ለ ቬርዬ በ1858 8.95 አለ፤ ፉኮ በ1862 የብርሃንን ፍጥነት በቤተ ሙከራ ለክቶ ከዚያ 8.86 አወጣ። የስሌት ጥብቅነት የመነሻውን ምልከታ ድካም ሊጠግነው እንደማይችል ከኤንከ ቁጥር ይልቅ በግልጽ የሚያሳይ ምሳሌ አናውቅም።

በዚህ ክርክር መካከል የመጡት የ1874 እና የ1882 ማለፎች ኢትዮጵያን ከሚያውቅ አንድ ሰው ጋር ያገናኙናል። አንቷን ዳባዲ ከ1838 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል በሀገራችን እየተዘዋወረ ቴዎዶላይት በተባለው የማዕዘን መለኪያ ከተራራ ወደ ተራራ እያነጣጠረ የቦታዎችን አቀማመጥ ለክቷል፤ ውጤቱንም ከ1860 እስከ 1873 ባሳተመው የኢትዮጵያ የምድር ልኬት ድርሳን አቅርቧል። የሰበሰባቸው ከ200 በላይ የግዕዝና ሌሎች የብራና ጽሑፎች ዛሬ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ የአማርኛ መዝገበ ቃላቱም በ1881 ታትሟል። ይኸው ሰው በ1882፣ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖት፣ የቬነስን ማለፍ ለመመልከት ወደ ሄይቲ የተላከውን የፈረንሳይ ልዑክ መራ። በሰሜን ኢትዮጵያ ተራሮች መካከል ያለውን ርቀት ለማወቅ የሠራበት ጥበብና የፀሐይን ርቀት ለማወቅ የተጓዘበት ጥበብ በመሠረቱ አንድ ነው፤ በሁለቱም የታወቀ መሠረተ መስመርና የተለኩ ማዕዘኖች ያልታወቀውን ርቀት ይወልዳሉ። በሁለቱም ወገን ስሙ በመዝገብ የሰፈረ ተመራማሪ ማግኘታችን ምድራዊና ሰማያዊ ልኬት ምን ያህል የተቆራኙ እንደነበሩ ያሳያል።

የሁለቱ ማለፎች ውጤት ግን፣ ፎቶግራፍ ቢጨመርበትም፣ የተጠበቀውን ያህል አልሆነም። ድሉ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ዴቪድ ጊል በ1877 በአሴንሽን ደሴት ሆኖ ማርስን በምሽትና በንጋት እየለካ፣ የምድርን መሽከርከር ራሱን መሠረተ መስመር አድርጎ 8.78 አገኘ፤ በ1888 እና 1889 ደግሞ ከሌሎች ተባባሪዎች ጋር በጥቃቅን ፕላኔቶች ላይ ባደረገው ምልከታ 8.80 ደረሰ። በ1896 በፓሪስ የተሰበሰበው ጉባኤ 8.80ን የጋራ መደበኛ ቁጥር አድርጎ ተቀበለ። ከዚህ በኋላ በየሀገሩ ያሉ የሥነ ፈለክ ሰንጠረዦች ወደ 149.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በሚተረጎም አንድ ቁጥር መሥራት ጀመሩ።

ስምምነት ግን እውነትን አይተካም። በ1898 የተገኘው ኤሮስ የተባለ አስትሮይድ ወደ ምድር እጅግ ስለሚቀርብ አዲስ ተስፋ ሰጠ። ስፔንሰር ጆንስ በ1930 እና 1931 ከተደረጉት ዓለም አቀፍ ምልከታዎች በ1941 8.790 አወጣ፤ የስህተቱንም ድንበር በ0.001 ገደበው። በ1950 ዩጂን ራበ የዚያኑ የኤሮስን ምህዋር በመመርመር 8.798 ገደማ አገኘ፤ የስህተት ድንበሩንም ከዚያ ያነሰ አደረገው። በሁለቱ መካከል ከ130,000 ኪሎ ሜትር በላይ ልዩነት አለ፤ የምድርን ስፋት ዐሥር እጥፍ የሚበልጥ ማለት ነው። ሁለቱም በታላቅ ጥንቃቄ ሠርተዋል፤ የአንዳቸውም የስህተት ድንበር ግን ሌላውን አይነካም። በኋላ እንደታወቀው እውነተኛው ቁጥር ከሁለቱም ድንበር ውጪ፣ በመካከላቸው እኩሌታ ላይ ሊባል በሚችል ስፍራ ነበር።

ከዚህም የበለጠ የሚያስተምረን የራዳር ዘመን መጀመሪያ ነው። በ1958 በማሳቹሴትስ የሚገኙ ተመራማሪዎች ወደ ቬነስ የላኩት የሬዲዮ ሞገድ ሲመለስ እንደያዙ አመኑ፤ በ1959 በእንግሊዝ ጆድሬል ባንክ የተደረገው ሙከራም ከእነርሱ ጋር የሚስማማ ውጤት አስታወቀ። የወጣው ቁጥር የፓሪሱ ጉባኤ ለተቀበለው 8.80 የቀረበ በመሆኑ ሁሉም ነገር የተረጋገጠ መሰለ። በ1961 ቬነስ እንደገና ስትቀርብ ግን የካሊፎርኒያው ጎልድስቶን ጣቢያና ሌሎች ጣቢያዎች ጥርት ያለ ምላሽ ያዙ፤ ርቀቱም ወደ 149.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር፣ ፓራላክሱም 8.794 ሆነ። የቀደሙት ሁለቱ ውጤቶች ከመሣሪያ ጫጫታ የተለቀሙ መሆናቸው ታወቀ። የሶቭየት ተመራማሪዎችም በዚያው ዓመት መጀመሪያ ያስታወቁት ቁጥር ከመቶ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የጎደለ ነበር፤ ቆይተው አረሙት። ሁለት ምስክሮች የሚስማሙት እውነቱን አይተው ሊሆን ይችላል፤ አንድ የሚጠብቁት ቁጥር ስለነበራቸውም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ሦስተኛ፣ ከሁለቱ ነጻ የሆነ ልኬት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የሕግ ታሪክ ነው። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በ1964 ርቀቱን 149,600,000 ኪሎ ሜትር፣ በ1976 ደግሞ 149,597,870 ኪሎ ሜትር አድርጎ አጸደቀ። ይሁን እንጂ አሃዱ ራሱ ጋውስ በ1809 ባወጣው ቋሚ ቁጥርና በፀሐይ የስበት ኃይል ላይ የተመሠረተ ስለነበር፣ በሜትር ያለው ርዝመት ገና በምልከታ የሚወሰን ነበር። በ2012 በቤይጂንግ የተሰበሰበው ጠቅላላ ጉባኤ ይህን ቆርጦ አንድ አስትሮኖሚካል ዩኒት በትክክል 149,597,870,700 ሜትር ይሁን ብሎ ደነገገ። ሜትርም ከ1983 ጀምሮ በብርሃን ፍጥነት የተደነገገ ስለሆነ፣ በልወጣው በሁለቱም ወገን ያለው ነገር ዛሬ ድንጋጌ ነው። ቬነስ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሰኔ 1 ቀን 1996 ዓ.ም. በፀሐይ ፊት ስታልፍ ከኢትዮጵያ ሰማይ ከመጀመሪያዋ እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት ትታይ ነበር፤ የፀሐይን ርቀት ለማወቅ ግን የእርሷን ማለፍ የሚጠብቅ ማንም አልነበረም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ ተራው ስሌት ስንመለስ አንድ ተግባራዊ መርሕ እናገኛለን። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የተዘረጋው የቀድሞው የባቡር ሐዲድ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለአካፋዩ ስናካፍለው 0.0000052 አስትሮኖሚካል ዩኒት ይሆናል። የሒሳብ መሣሪያችን ከዚህ በላይ ብዙ አሃዞች ይሰጠናል፤ 780 ራሱ ግምት ስለሆነ ግን የተረፉት አሃዞች ምንም አይነግሩንም። አርስጥሮኮስ እንከን የለሽ ጂኦሜትሪውን በደካማ ማዕዘን ላይ አቆመ፤ ኤንከም ጥብቅ ስሌቱን በደበዘዘ ምልከታ ላይ። የዛሬው አካፋይ እስከ መጨረሻው አሃዝ የተደነገገ በመሆኑ፣ ስህተት ሊገባ የሚችለው እኛ በምናመጣው ምድራዊ ልኬት በኩል ብቻ ነው። ስለዚህ ልወጣን የሚሠራ ሰው ያመጣው ርቀት በምን ተለካ፣ በማን ተለካ፣ ምን ያህልስ ይታመናል ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ግዴታው ነው፤ ይህን ግዴታ ከጉባኤ ድንጋጌም ሆነ ከሒሳብ መሣሪያ የሚረከብለት የለም።